ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምና ደረስጌ ማርያም



ከዳባትና ከደባርቅ ወዲያ፣ በስሜን ደጋ በጃናሞራ ምድር፣ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። ያሠራት የስሜን ገዥ የነበረው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው።

ውቤ ከአባቱ ከደጃዝማች ኃይለ ማርያም በኋላ ስሜንን ገዛ። በ1823 ዓ.ም. ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ድል ሆኖ ከሞተ በኋላም ትግራይን ጨመረ። ከዘመኑ መሳፍንት ይልቅ መታገሥን ያውቅ ነበር፤ ለየጁው ራስ እየገበረ፣ በምጽዋ በኩል የሚመጣውን ጠብመንጃ ያከማች ነበር። አገሪቱም ያለ ጳጳስ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ነበርና፣ በ1833 ዓ.ም. ወደ ግብፅ መልእክተኞች ልኮ አቡነ ሰላማን አስመጣ። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ትልቅ በጎ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የምድራዊ ሥልጣን መንገድ መጥረጊያም እንደ ነበረ መካድ አይገባም።

በ1834 ዓ.ም. ከጎጃሙ ከደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋራ ተባብሮ ራስ ዓሊን በደብረ ታቦር ገጠመው። ራስ ዓሊ ሸሸ፤ የበጌምድር ጌትነትም በውቤ እጅ ገባ። ዕድሜው ግን እጅግ አጭር ሆነ። ውቤ ድሉን እያከበረ በደስታ ላይ ሳለ፣ የራስ ዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረከው። ብዙ ዓመት የታገሠው ሰው በዚያች ሰዓት መታገሥ ተሳነው።

ኋላም ተፈትቶ ወደ ግዛቱ ተመለሰ። ደረስጌ ማርያምን ሲያሠራ ጀርመናውያኑ ሺምፐርና ዛንደር ረዱት። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ሊቀበል አስቦ እንደ ነበረ ይነገራል።

ይሁን እንጂ የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል ነሥቶ፣ ፊቱን ወደ ስሜን መለሰ። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጀመሪያ በደረስጌ አጠገብ ተዋግቶ ውቤን ማረከ። ከጥቂት ቀን በኋላም፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ባሠራት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣቸው ጳጳስ እጅ ተቀብቶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ።

ውቤ ከቀረው ዕድሜ አብዛኛውን በእስራት አሳልፎ፣ ከመቅደላ ውድቀት አስቀድሞ ሞተ። ሴት ልጁ ጥሩወርቅ ግን ለማረከው ንጉሥ ተድራ ልዑል ዓለማየሁን ወለደች። ዓለማየሁም በ1860 ዓ.ም. በሕፃንነቱ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በዚያው ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ።