«ይቻላል» እና «ግዴታ»

እሱ፦ ውጫሌ ሲባል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ትዝ ይለናል። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መዘዙ እስከ ዓድዋ ደረሰ።

እሷ፦ ፈቃድንና ግዴታን መለየት ታዲያ ለመንግሥታት ብቻ አይደለም፤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ዕድሜውን 18 ዓመት አድርጎታል።

እሱ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን አንዳንድ ወላጅ «ስለ አካልና ስለ ፈቃድ ማስተማር ልጅ ያባልጋል» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ነውና ልናከብረው ይገባል።

እሷ፦ እናከብረዋለን። ነገር ግን እኛ ዝም ስንል ልጁ ከስልኩና ከጓደኛው ይማራል። ስለ ወር አበባ ያልተነገራት ልጅ ደም ስታይ ትደነግጣለች፤ አፍራ ከክፍል ትቀራለች። ወንዱም ካልተማረ ይስቅባታል። «እምቢ» ማለትን ያልተለማመደች፣ «እምቢ» ሲባል ማክበርን ያልተማረ፣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

እሱ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ! የሥነ ሕይወት መምህሩ ስለ አካል ያስረዳል፤ የሴቶችና የፀረ ኤድስ ክበባት ውይይቱን ይክፈቱ።

እሷ፦ እናንተም እናትና አባት፣ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ልጃችሁን አስቀምጡና ጠይቁ። ሳትቆጡ አድምጡ።