በሥራ ላይ ሆኖ ለዶክተርነት ስለ መማር
(ለመምህራን የተዘጋጀ ንግግር)



ሥራውን ሳይለቅ፥ ደመወዙንም ሳያቋርጥ፥ በማታና በዕረፍት ቀን እየተማረ በንግድ ሥራ አመራር የዶክተርነት ማዕርግ ለመቀበል የሚነሣ የሥራ መሪ በየአገሩ ይገኛል። ከእነዚህ አንዳንዱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፥ አንዳንዱ የፋብሪካ ኀላፊ፥ አንዳንዱም የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ወይም ዲሬክተር ነው። ስለዚህ ነገሩ ነጋዴዎችን ብቻ የሚመለከት መስሎ ቢታይም መምህራንንም ይነካል። እንዲህ ላለው ተማሪ ዋነኛው ችግር ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ጊዜ ማጣት ነው ይላል። ጊዜ ማጣቱ እርግጥ ነው፤ ዳሩ ግን ከዚያ የሚከብድ ሌላ ችግር አለ፤ ይኸውም በራሱ ሥልጣን ሥር ስላለው ነገር እውነቱን ለመስማት መቻል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሄርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1935 ገና የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ ወደ ተወለደበት ወደ ሚልዎኪ ከተማ ሄዶ የሕዝብ መጫወቻ ሜዳዎች እንዴት እንደሚተዳደሩ አጥንቶ ነበር። ሜዳዎቹ የሁለት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የትምህርት ቦርዱ ልጆቹን የሚያጫውቱትን ሠራተኞች ሲያስተዳድር፥ የከተማው የሕዝብ ሥራ መምሪያ ደግሞ የሜዳዎቹን ጥገና ይይዝ ነበር። ለጥገናው ስንት፥ ለአጫዋቾቹ ስንት ገንዘብ ይመደብ በተባለ ጊዜ ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም። የኤኮኖሚ መጻሕፍት እንደሚያስተምሩት ቢሆን፥ የሚጨመረው አንድ ዶላር በየትኛው ወገን ቢውል የበለጠ ይጠቅማል ብሎ መመዘን በበቃ ነበር። ሳይመን ያየው ግን እንዲህ አድርጎ የሚመዝን ሰው አለመኖሩን ነው። እያንዳንዱ ሹም የራሱን መሥሪያ ቤት ዓላማ የከተማው ሁሉ ዓላማ አድርጎ ይቈጥረው ነበር።

ይህች ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ከሳይመን ጋር ለብዙ ዘመን ኖረች። ከ1939 እስከ 1942 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ የአንድ የምርምር ክፍል ኀላፊ ሆኖ ሲሠራ፥ የዶክተርነቱን ፈተና ከቺካጎ በፖስታ እንዲላክለት አስፈቅዶ ተፈተነ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ከሥራ ሰዓት ውጭ አዘጋጀ። ማዕርጉን በ1943 ተቀበለ። ጽሑፉም ተሻሽሎ በ1947 ስለ አስተዳደር ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ሳይመንም በ1978 በኤኮኖሚ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። የተማረው የፖለቲካ ሳይንስ እንጂ የንግድ ሥራ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥራና ምርምር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ሊወለድ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ለዚሁ መጽሐፍ መቅድም የጻፈው ቼስተር ባርናርድ ደግሞ ሌላ ዐይነት ሰው ነበር። በሃርቫርድ ተምሮ ማዕርግ ሳይቀበል ወጣ፤ በ1909 በቴሌፎን ኩባንያ ተቀጠረ፤ በ1927ም የኒው ጀርሲ ቤል ቴሌፎን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1937 በቦስተን ከተማ ስለ ሥራ መሪነት ተከታታይ ንግግር አደረገ፤ ንግግሩም በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ወጣ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ በዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል። እንግዲህ ማዕርግ የሌለው የሥራ መሪ ሊቃውንት የሚማሩበትን መጽሐፍ ሊጽፍ ከቻለ፥ ማዕርጉ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፥ እንደ ባርናርድ የራሱን ሥራ እንደ እንግዳ ቆሞ ሊያይ የሚችል ሰው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የቀረው ሰው ይህን እንዲያደርግ የሚያስገድደው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

በነገራችን ላይ፥ በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ አገር መምህራን በዚህ ጕዳይ ባለ ታሪክ ናቸው። ሃርቫርድ በ1920 የትምህርት ኮሌጁን ባቋቋመ ጊዜ የትምህርት ዶክትሬት የተባለውን ማዕርግ መስጠት ጀመረ፤ በእንግሊዝ አገርም የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ይኸንኑ በ1992 ጀመረ። በንግድ ሥራ በኩል፥ በክሊቭላንድ ከተማ የሚገኘው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ በ1995 በሥራ ላይ ላሉ መሪዎች የሦስት ዓመት የዶክተርነት ትምህርት ከፈተ። በእንዲህ ያለው ትምህርት ተማሪዎቹ በየጊዜው ለጥቂት ቀናት ይሰበሰቡና ተምረው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ስሙ ብቻውን ግን የትምህርቱን ዐይነት አያስታውቅም። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት እስከ 2018 ድረስ በንግድ ሥራ አመራር ዶክትሬት ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪዎቹ ሙሉ ጊዜያቸውን ለትምህርቱ የሰጡና ይበልጡን ለመምህርነት የሚዘጋጁ ነበሩ።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። ዐሥራ አምስት ዓመት በኀላፊነት የሠራ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። በስብሰባ ላይ «የእኛ ደንበኞች እንዲህ ናቸው» ሲል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ይዞ አማካሪ መምህሩ ዘንድ በቀረበ ጊዜ ግን መምህሩ እርሳሱን በአንዱ መስመር ሥር አስምሮ «ይህን በምን ዐወቁት?» ይለዋል። ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ማንም ሰው ያልጠየቀው ሰው ሲሰማው ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ይቈጣል። በቢሮው ውስጥ በግማሽ ሰዓት ውሳኔ መስጠት ልማዱ ነውና፥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ለማስረዳት ሦስት ወር ማንበብ ውርደት ይመስለዋል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ቍጣ ታግሦ ያለፈ ተማሪ ትምህርቱን ከጀመረበት ቀን ይልቅ ከዚህ በኋላ ተማሪ ሆነ ለማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄን ማጥበብ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ባንክ የብድር ክፍል ኀላፊ፥ ለትንንሽ ነጋዴዎች የተሰጠው ብድር ለምን በጊዜው እንደማይመለስ ለማጥናት አሰበ እንበል። ይህ እንዳለ ሲታይ ለአንድ ሰው የማይቻል ነው፤ የገበያው፥ የሕጉ፥ የነጋዴው ጠባይና የባንኩ አሠራር ሁሉ ተደባልቀውበታልና። አማካሪው ደጋግሞ ከመለሰው በኋላ ግን ጥያቄው «በአንድ ከተማ ካሉት ሁለት ቅርንጫፎች በአንዱ የተሰጠው ብድር ከሌላው ይልቅ ለምን ይመለሳል?» ወደ ማለት ይወርዳል። ይህ ሊመረመር የሚችል ነው። መዝገብ አለ፤ ቀን አለ፤ ብድሩን የፈቀደው ሠራተኛም ፊርማ አለ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፊርማው የማን ነው? ብድሩን የፈቀዱት ሠራተኞች የዚሁ ኀላፊ የበታች ናቸው፤ የዓመቱን የሥራ ውጤታቸውን የሚሞላላቸው፥ ዕድገታቸውንም የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል እርሱ ነው። ተበዳሪው ነጋዴም ነገ ሌላ ብድር ሊጠይቅ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው። የድሮው የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ፥ አኵፋዳውን አንግቶ፥ ከየደጁ እየለመነ በተማረ ጊዜ እርሱን የሚፈራ ሰው አልነበረም። የዛሬው የሥራ መሪ ግን ጠዋት ሲያዛቸው የዋሉትን ሰዎች ማታ መጠይቅ ይዞ «እውነቱን ንገሩኝ» ማለት አለበት። እነርሱም በትሕትና የሚወደውን ይነግሩታል። እርሱም ያንን በሠንጠረዥ አሰናድቶ፥ በቍጥር አስጊጦ፥ ጥናት ነው ብሎ ያቀርበዋል። ከዚያ የበለጠው አደጋ ደግሞ አለ፤ ከጠፉት ብድሮች አንዱን የፈቀደው ራሱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ተመራማሪውም ተመርማሪውም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ይህን ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም፤ ማሳነስ ግን ይቻላል። ቃለ መጠይቁን በእርሱ ሥር ያልሆነ ሌላ ሰው እንዲያደርገው፥ ስሞቹም ተደብቀው ብቻ ወደ እርሱ እንዲመጡ ማድረግ አንደኛው መንገድ ነው። የራስን ባንክ ትቶ የሌላውን ማጥናትም አለ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሥራና ምርምርን ማገናኘቱ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል፥ በሩም አይከፈትም ይሆናል። ከሰው ቃል ይልቅ በቀድሞ መዝገብ ላይ መደገፍ ይበልጥ የታመነ ነው። ሥራውን ለቆ የሄደ ሠራተኛ ደግሞ የሚፈራው ነገር ስለሌለ፥ ምንም እንኳ ቂም ቢኖረው፥ ካሉት ይልቅ ብዙ ይናገራል። ከሁሉ በፊት ግን ተማሪው በጽሑፉ ውስጥ «እኔ የእነዚህ ሰዎች አለቃ ነኝ» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን የደበቀ ጽሑፍ የቀረው ሁሉ ቢያምርም አይታመንም።

የትምህርት ቤት ዲሬክተርም ከዚህ አያመልጥም። መምህራን በዓመቱ እኩሌታ ለምን ይለቃሉ ብሎ ለማጥናት ቢነሣና መምህራኑን በቢሮው አስቀምጦ ቢጠይቅ፥ ምክንያቱ ደመወዝ ነው፥ የቤት ኪራይ ነው፥ መንገዱ ርቆ ነው ይሉታል። ምክንያቱ እርሱ ራሱ ቢሆን የሚነግረው የለም። በሚልዎኪ የትምህርት ቦርዱ ሹማምንት ለመጫወቻ ሜዳው የሚበጀውን የሚያውቁ እነርሱ ብቻ ይመስሏቸው እንደ ነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ስለ ጊዜው ጥቂት መናገር ይበቃል። ትምህርቱ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ሰዓቱም የሚቀነሰው ከእንቅልፍ፥ ከልጆችና ከዘመድ ነው። ከአዲስ አበባ ሳይወጣ በሩቅ ትምህርት ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚማር ሰው፥ ልቅሶ ሳይደርስ ሰርግ ሳይጠራ ስንት ዓመት ሊቈይ እንደሚችል አስቀድሞ ከቤተ ሰቡ ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል። የባሰው ግን ሰዓቱን ከሌሎች የሚወስደው ነው። ጸሐፊዋ ጽሑፉን እንድትጽፍ፥ የሒሳብ ሠራተኛው ቍጥሩን እንዲደምር፥ ወጣቱ ሠራተኛ መጠይቁን ይዞ እንዲዞር ሲታዘዙ እምቢ ለማለት አይችሉም። ይህ በሌላ ሰው ጕልበት የሚከፈል የትምህርት ክፍያ ነው።

ከዚህ አልፎ ጽሑፉን ጭራሽ በገንዘብ የሚያስጽፍም አለ። እንዲህ ያለው ንግድ በብዙ አገር ይካሄዳል፤ እንግሊዝ አገር በ2022 በሕግ ከልክሎታል። በኢትዮጵያ «ዶክተር» የሚለው ቃል ከስም በፊት ተተክሎ በስብሰባም በልቅሶም አብሮ ስለሚጠራ ፈተናው ይበረታል። ገዝቶ ያቀረበው ሰው ማዕርጉን ቢያገኝ እንኳ «ይህን በምን ዐወቁት?» የሚለውን ጥያቄ አንድ ቀን ከመምህሩ ሳይሆን ከበታች ሠራተኛው ሊሰማው ይችላል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ዩኒቨርሲቲው በራሱ አገር ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መሆኑን፥ ማዕርጉም በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኝ መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ወጪውን የሚከፍል እንደ ሆነም፥ ጥናቱ መሥሪያ ቤቱን የሚነቅፍ ሆኖ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መዋዋል ይገባል፤ ብዙው ጠብ የሚነሣው ይህ ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄውን በአንድ ገጽ ጽፎ፥ ከአማካሪው አስቀድሞ፥ ፊት ለፊት መናገር ለማይፈራ አንድ የሥራ ባልደረባ ማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ባልደረባ በመሥሪያ ቤቱ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ፥ ጥናቱ በዚሁ ነገር ላይ ቢጀመር ይሻላል።