ከዱር የተወለደ ቀበሮ ከእርሻ ውሾች ጋር ቢያድግ ውሻ ይሆናልን?

(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የእረኛ ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከገጠር የመጣን ተማሪዎች እንደምናውቀው፤ በወለጋ ማሳና ጫካ ጎረቤታሞች ናቸው። ከነቀምቴ፤ ከጊምቢ፤ ከነጆ ወይም ከሻምቡ ከተማ ጥቂት መንገድ ወጣ ያለ ሰው በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቁ ውሾች ያገኛል፤ ማታ ደግሞ የቀበሮ ጩኸት ይሰማል። በዚህ ወሰን ላይ እረኞች የቀበሮ ግልገል ከጉድጓድ አውጥተው ወደ ቤት ይዘው ይመጣሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ከዱር የተወለደው ግልገል ከውሾች ጋር ጠብቶ፤ ከውሾች ጋር በልቶ፤ ከውሾች ጋር ተኝቶ ቢያድግ ውሻ ይሆናል ወይስ አይሆንም?

የኔ መልስ ባጭሩ፤ ለቤቱ ሰዎች ሊለምድ ይችላል፤ ውሻ ግን አይሆንም የሚል ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ሲዘነጋ ዋጋውን ግልገሉም ይከፍላል፤ የቤቱ ሕፃናትም ይከፍላሉ።

በመጀመሪያ የምንናገርበትን እንስሳ ለይተን እንወቅ። በአማርኛ ቀበሮ፤ በኦሮምኛ ጄዳላ የምንለው የቆላውና የወይና ደጋው እንስሳ ለብዙ ዘመን በእስያና በአውሮፓ ከሚኖረው ቀበሮ ጋር አንድ ዘር ነው ተብሎ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘር ጥናት ግን የአፍሪካው ራሱን የቻለ ዘር እንደሆነና ለተኩላ ይበልጥ እንደሚቀርብ አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ የምንለው ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ በመላው ዓለም ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ፤ እንደ ባሌና እንደ ሰሜን ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚኖር ነው። የባሌ ሰዎች ጄዳላ ፈርዳ፤ ማለትም የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ ለመውለድ የደረሱ ፈረሶችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው።

በዚህ ነገር ረዥም ልምድ ካላቸው ሕዝቦች መካከል የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ይገኛሉ። በእነርሱ አገር ዲንጎ የሚባል የዱር ውሻ አለ። ዲንጎ ከ3,000 ዓመት በፊት በሰው እጅ ከእስያ በኩል በባሕር ተሻግሮ እንደገባ ይታመናል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዱር ገብቶ ዱረኛ ሆነ። የአገሩ ሰዎች ግልገሎቹን ከዋሻ እያወጡ፤ እያቀፉና እየመገቡ ያሳድጓቸው ነበር። ይሁን እንጂ ዲንጎው ለመራባት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሰፈሩን ትቶ ወደ ዱሩ ይመለስ ነበር፤ ሰዎቹም ይህን ያውቁ ስለ ነበር አይከለክሉትም ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አያት ቅድመ አያቱ ከሰው ጋር የኖረው ዲንጎ እንኳ እንዲህ ከሆነ፤ ዘሩ ከሰው ጋር ፈጽሞ ኖሮ የማያውቀው የእኛ ቀበሮ እንዴት ሊሆን ነው?

ይህን በዓይን ያየሁት በአጎቴ እርሻ ነው። እርሻቸው ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ወደ ዲዴሳ በሚወርደው መንገድ በኩል ይገኛል። አንድ ዓመት የማሳው ዳር ሲመነጠር ዓይኑን ገና የገለጠ አንድ ግልገል ተገኘ። በዚያው ሳምንት ከአራቱ ውሾች አንዷ ወልዳ ስለ ነበር ከቡችሎቿ ጋር ጨምረው ሰጧት፤ እርሷም ላሰችው፤ አጠባችውም። እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚያየው ሁሉ ይደነቅ ነበር። ከቡችሎቹ ጋር ይታገላል፤ ልጆቹ ሲጠሩት ይመጣል፤ ትልቁ ውሻ ሲያጉረመርምበት በጀርባው ተንጋሎ ይገዛለታል።

ልዩነቱ የታየው በኋላ ነው። ቡችሎቹ እንግዳ ሲመጣ ወደ በሩ ሮጠው ይጮኻሉ፤ እርሱ ከጎተራ ሥር ይደበቃል። ቡችሎቹ ዶሮ አሳድደው ሲቆጡ ይተዋሉ፤ እርሱ ሲቆጣ ይሸሻል፤ ዞር ሲሉ ይመለሳል። ቡችሎቹ በቆሎ ሊጠብቁ ከአጎቴ ጋር ያመሻሉ፤ እርሱ ከዱር ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ ወደዚያው ያያል። ውሾቹም በግቢ ውስጥ እንደ ወንድም ቢቀበሉት፤ ማሳ ላይ ሌላ ቀበሮ ሲያባርሩ በደመ ሞቃትነት እርሱንም የነከሱበት ቀን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለአሥር ቀን ያህል ጠፍቶ ቆየና አፉ ቆስሎ ተመለሰ። አንዱን ውሻ ነከሰ፤ ሊያባብለው የቀረበውን የአጎቴን ትንሽ ልጅም እጁን ነከሰና ወደ ጫካ ገብቶ ቀረ። ታምሞ ይሁን ተጣልቶ ማን ያውቃል? እንስሳው ሊመረመር ስላልቻለ ልጁ እንደ ተመረዘ ተቆጥሮ ክትባቱን በሙሉ መውሰድ ነበረበት። አንዳንድ ጎረቤቶች የባሕል መድኃኒት አጠጥታችሁ ጠብቁ ብለው ነበር። አክስቴ ግን እጁን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጥባ በማግሥቱ ወደ ከተማ ይዛው ወጣች። አጎቴ ለመመላለሻው ሁለት በግ ሸጡ። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው፤ ትምህርቱንም ይማራል። ነገሩ ግን በሌላ መንገድ ሊያልቅ ይችል እንደ ነበር ሁላችሁም ትረዱታላችሁ።

ጓደኞቼ፤ ለዚህ ግልገሉን ክፉ ነው ብለን ልንወቅሰው አይገባም። ምክንያቱ በተፈጥሮው ውስጥ አለ። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ14,000 ዓመት አያንስም። በዚህ ሁሉ ዘመን የሚናከሰው ተገድሏል ወይም ተባሯል፤ ገራሙ ግን ተመግቦ ዘር ተክቷል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን የዚህ ረዥም ውል ምስክር ነው። የቀበሮው ግልገል ግን በዚያው ቤት ቢበላም ለዚያ ቤት የሚጮኽ ዘር አልወረሰም።

ሳይንስም ይህንኑ ፈትኖ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በሳይቤርያ ለፀጉራቸው ሲባል ይረቡ ከነበሩ ቀበሮዎች መካከል ሰውን እምብዛም የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ ማራባት ጀመረ። ስድስት ትውልድ ያህል ካለፈ በኋላ ሰው ሲያዩ ጅራታቸውን የሚቆሉና እጅ የሚልሱ ግልገሎች ተወለዱ። ከዚህ የምንማረው፤ አንድን እንስሳ ማልመድና አንድን ዘር ማላመድ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቤት ውስጥ በወራት ሊፈጸም ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የብዙ ትውልድ ምርጫ ይጠይቃል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎችም በእጅ ያደጉ ተኩላዎችንና ውሾችን አወዳድረው ነበር። ሊከፈት የማይችል ዕቃ ሲሰጣቸው ውሻው ዞር ብሎ የሰውየውን ፊት ያያል፤ ተኩላው ግን ከዕቃው ጋር ብቻውን ይታገላል። የአጎቴ ቀበሮም ልክ እንደዚሁ ነበር፤ ይበላ የነበረው ከሰው እጅ ነው፤ የሰውን ፊት ግን አይጠይቅም ነበር።

ደግሞም ጉዳቱ ከዱር ወደ ቤት ብቻ የሚመጣ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ እ.ኤ.አ. በ1991፤ በ2003፤ በ2008ና በ2014 ብዙዎቹን ፈጅቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል። ከውሻ ጋር የተዳቀሉም ተገኝተዋል። በዓለም ላይ የቀሩት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ውሻና የዱር ዘመዱን ማቀራረብ ለሁለቱም ወገን አደጋ አለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ልንናገራቸው የምንችላቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፤ በምንጣሮ ጊዜ ግልገል የተገኘበትን ጉድጓድ ለጊዜው ትቶ ውሾቹን ማሰር ነው። እናቲቱ ካልተረበሸች ግልገሎቿን በአፏ እያነሣች ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች።

ሁለተኛ፤ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን ማስረዳት ነው። ብዙ ገበሬ ይህን አዋጅ ከማንም ሰምቶ አያውቅም፤ የሚያሰማው ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፤ የእርሻ ውሾችን ማስከተብ ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች ከ100ው 99ኙ በሽታው የሚደርስባቸው ከውሻ ነው፤ ስለዚህ ውሻውን የጠበቀ ልጁን ጠበቀ።

አራተኛ፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከንክሻው እስከ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ያልፋልና፤ ክትባቱ በጊዜው ከደረሰ ሕይወት ይተርፋል። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው የገደለ ቃል ነው።

ንግግሬን ስደመድም፤ እንስሳን መውደድ መልካም ጠባይ ነው፤ ግልገሉን ያቀፉት ልጆችም ያደረጉት በፍቅር ነው። ነገር ግን የተማረ ሰው ፍቅር ከዕውቀት ጋር ሊሄድ ይገባዋል። ውሻችንን በደጃችን እናክብረው፤ ቀበሮውንም በጫካው እንተወው። ይህን ወደ መንደራችን ወስደን ለአንድ እረኛ እንኳ ብናስረዳ፤ ምናልባት አንድ ልጅ ከሞት እናድናለን።