አቴንስና እስፓርታን ምን አጣላቸው?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት አቴንስና እስፓርታ ጦር ተማዘዙ። ፍልሚያው 27 ዓመት ፈጀ። ፋርስን አብረው የመከቱ ከተሞች እንዴት እዚህ ደረሱ?

ቅርቡን ሰበብ ካያችሁ ነገሩ የገበያ ጠብ ይመስላል። አቴንስ የጎረቤቷን የሜጋራን ነጋዴዎች ከገበያዋና ከግዛቷ ወደቦች ሁሉ አገደች። ጨውና ነጭ ሽንኩርት ይዞ ይመጣ ለነበረ ነጋዴ ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ሜጋራ የእስፓርታ ወዳጅ ነበረችና አቤቱታው እዚያ ደረሰ።

ሥሩ ግን ጠለቅ ይላል። በዘመኑ የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ እውነተኛው ምክንያት የአቴንስ መግዘፍና ይህ በእስፓርታ ላይ ያሳደረው ፍርሃት ነው ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ከተሞች በማኅበር ሆነው ፋርስን ለመከላከል ያዋጡት ብር በ454 ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴንስ ተወሰደ። ከማኅበሩ ልውጣ ያለች ከተማም በጦር መርከብ ትገደድ ነበር።

እስፓርታ ደግሞ በቤቷም እንቅልፍ አልነበራትም። መሬቷን የሚያርሱላት ሄሎት የሚባሉ ገባሮች ከዜጎቿ እጅግ ይበዙ ነበር። በ464 ገደማ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት እነርሱ አመጹ። እስፓርታ አቴንስን ድረሽልኝ አለች። የአቴንስ ጦር ሲደርስ ግን ከአመጸኞቹ ጋር ያብርብኛል ብላ ጠረጠረችና መልሳ ሰደደችው። አቴናውያን ይህን እንደ ውርደት ቆጠሩት፤ የቆየውን ቃል ኪዳን አፍርሰው ከእስፓርታ ባላንጣ ከአርጎስ ጋር ተወዳጁ።