የየቲም ድጋፍ የሚያበቃው መቼ ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ የለጋሾችና የቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



ማኅበራችን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲደግፋት የቆየች አንዲት ልጃችን የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት ትምህርቷን አጠናቃ በዚህ ወር ትመረቃለች፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ እርሷ እንድንናገር የተጋበዝነው በመድረሳችን ቁርኣን ያስቀራናት በመሆኑ ነው። እርሷ በጠየቀችው መሠረት ስሟን አንጠራም። የዛሬው ዓላማችንም አንዲትን ልጅ ማወደስ ሳይሆን፣ በእርሷ ተሞክሮ አማካይነት ሁላችንንም የሚመለከት ጥያቄ ማንሳት ነው። የየቲም ድጋፍ የሚያበቃው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ ያለን መልስ አጭር ነው። ልጁ ለአቅመ አዳም፣ ልጅቷም ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ የቲምነት ያበቃል እንላለን። በሸሪዓው ስያሜ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በሱረቱ ኒሳእ ስለ የቲሞች ንብረት የተደነገገውን ልብ ብለን ብንመለከት፣ አላህ (ሱ.ወ.) ንብረቱን ለማስረከብ ቡሉግን ብቻ መስፈርት አላደረገም፤ ሩሽድንም፣ ማለትም ራስን የማስተዳደር ብስለትን አክሎበታል። በሱረቱል ከህፍም ሊወድቅ የተቃረበው ግድግዳ የተጠገነው፣ ከሥሩ ያለው የሁለቱ የቲሞች ሀብት ብርታታቸው እስኪሞላ ድረስ ተጠብቆ እንዲቆይ ነው። እንግዲህ ግድግዳውን ከእኩል መንገድ ላይ ማፍረስ የለብንም።

ይህች ልጃችን አባቷን ያጣችው ገና በአራት ዓመቷ ነበር። እናቷ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ሦስት ልጆች አሳድገዋል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የደብተሯ፣ የዩኒፎርሟና የቀለቧ ወጪ በእናንተ እርዳታ ተሸፈነ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ግን ዕድሜዋ 18 ሞላና ድጋፉ በደንቡ መሠረት ተቋረጠ። በወጪ መጋራት ሥርዓት ምግብና መኝታ ብታገኝም፣ የትራንስፖርት፣ የፎቶኮፒ፣ የሥራ ልብስና ጫማ፣ የሳሙናም ወጪ በእናቷ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ጎረቤቶች በቅን ልቦና፣ «ዐረብ አገር ትሂድና ወንድሞቿን ትርዳ» ብለው መከሩ። ፓስፖርት ለማውጣት ፎቶ እስከመነሳት ተደርሶ ነበር። በዚህ መሐል ከለጋሾቻችን አንድ ቤተሰብ፣ «እስክትመረቅ ድረስ በእኛ ይሁን» አለ። የተጠየቀው ገንዘብ ብዙ አልነበረም፤ የመጣው ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት ነበር።

ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የተማረችው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ኦፕራሲዮን ሲባል ሐኪሙን ብቻ ያስባል። ነገር ግን ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ ትክክለኛውን መሣሪያ የሚያቀብለው፣ መቀሱ፣ መቆንጠጫውና የመስፊያው ክር ከጀርም የጸዱ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ይህ ባለሙያ ነው። መሣሪያዎቹ ታጥበው፣ ተጠቅልለው፣ አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን ውስጥ ቢያንስ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ይቀቀላሉ። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ቀለሙን ካልቀየረ ጥቅሉ አይከፈትም።

ልጃችን መጀመሪያ የተማረችው እጅ መታጠብን ነው። ከጣቶች ተጀምሮ እስከ ክርን ይታሻል፤ ውሃው ወደ ጣቶች እንዳይመለስ እጅ ወደ ላይ ተይዞ በክርን በኩል ይፈሳል። «ኡስታዝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ዉዱእ ሳደርግ የኖርኩ ስለሆነ እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር» ብላ አጫውታናለች። ከባዱ ነገር ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ደም አይታ ዓይኗ ጨለመባትና ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። ለአራት ሰዓታት ሳይቀመጡ መቆምንም እግሯ የለመደው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።

ከዚያ ቆጠራ አለ። ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት፣ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊትና በመጨረሻም ጎዙ፣ መርፌውና መሣሪያው በሁለት ሰዎች ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ጎዝ ከጎደለ ሥራው ቆሞ ይፈለጋል፤ በሆድ ውስጥ የተረሳ ጎዝ የአንድን እናት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ሲያወጣ ይህን ቆጠራ በውስጡ አካቶታል። በስምንት ከተሞች፣ ከእነዚህም መካከል በዮርዳኖሷ ዐማንና በታንዛኒያዋ ኢፋካራ ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ ተገልጿል።

ይህ ሙያ ለሙስሊሙ ኡማ ባዕድ እንዳልሆነም ልናስታውስ እንወዳለን። የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በመስጂድ በተተከለው በሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ድንኳን እንዲታከም ያዘዙት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። በአንደሉስ የኖረው አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊም 30 ክፍሎች ባሉት «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው ኪታቡ የመጨረሻውን ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥቶ፣ ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎችን በሥዕል አሳይቷል። ኪታቡም ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለዘመናት ተጠንቷል።

አንዳንድ ወላጆች ስለ ሒጃብ ይጠይቁናል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ልጃችን ፀጉሯንና አንገቷን የሚሸፍን የጨርቅ ኮፍያ አሰፍታ፣ በየቀኑ ታጥቦና ተተኩሶ ንጹሕ ሆኖ ትለብሰዋለች። ከታጠበች በኋላ የሚለበሰው ጋውን እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ ነው። እጅ እስከ ክርን የሚገለጠው በመታጠቢያው ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ስለዚህም ዑለሞችን ጠይቃ ሕይወትን ለማዳን የሚደረግ አስፈላጊ ነገር በልኩ እንደሚፈቀድ መልስ አግኝታለች። ደግሞስ፣ እህቶቻችንን በሴት ባለሙያ ማሳከም እንፈልጋለን እያልን ሴቶች ልጆቻችንን ከሙያው ብናርቅ ባለሙያዎቹ ከየት ይመጣሉ?

ከሁሉ በላይ ልባችንን የነካው ግን ይህ ነው። በአንድ ሌሊት፣ በማደንዘዣ በተኛ የትርፍ አንጀት ሕመምተኛ ላይ ሥራ ሲካሄድ፣ የጓንቷ ጣት ንጹሕ ያልሆነውን የመብራት እጀታ ነካ። ማንም አላየም። ሐኪሙ ይቸኩላል፤ እርሷ ደግሞ ውጤት የሚሰጣት ተማሪ ናት። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። እርሷ ግን ወዲያው፣ «ጓንቴ ተበክሏል፣ ልቀይር» አለች። ለምን እንደተናገረች ስንጠይቃት፣ «ኡስታዝ፣ ሕመምተኛው ተኝቷል፤ ሐኪሙም ዓይኑ ቁስሉ ላይ ነው። የሚያየኝ አላህ ብቻ ነበር» አለችን።

ወንድሞችና እህቶች፣ አማና ማለት ይኸው ነው። ለየቲም የምታወጡት ገንዘብም ማንም በማያየው ቦታ የሚደርስ አማና ነው። አማና ሲጠበቅላት ያደገች ልጅ ዛሬ ራሷን የማያውቅ ሰው ሕይወት አማና ተቀብላ ትጠብቃለች። ያ ፓስፖርት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህችን ባለሙያ አናገኛትም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። በየዓመቱ 18 ዓመት ሞልቷቸው ከመዝገብ የሚወጡ ልጆች አሉ። ትምህርት ላይ ያሉትን ሙያ እስኪጨብጡ ድረስ እንያዛቸው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችል ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ አንድ ተማሪ ይያዝ። ገንዘብ የሌለው ያገለገለ መጽሐፍ፣ ጫማ ወይም በከተማው ለሚማር ልጅ የዕረፍት ቀን ማረፊያ ይስጥ። እናቶችም ልጆቻችሁ ሲቸገሩ ትምህርት ከማቋረጣቸው በፊት ለማኅበሩ ንገሩ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የየቲም አሳዳጊ በጀነት ከእርሳቸው ጋር ያለውን ቅርበት ሁለት ጣቶቻቸውን በማሳየት አስተምረውናል። ያንን ቅርበት የሚሻ ሰው በመንገድ እኩሌታ ላይ እንዳያቆም አደራ እንላለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የለገሳችሁትን ይቀበላችሁ፣ የልጃችንን እጅ የሽፋ ሰበብ ያድርገው፣ የቲሞቻችንንም ለሩሽድ ያብቃቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።