ሕግ የተማሩ ወገኖቻችን በክብር መዝገብ
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል፣ ናይሮቢ ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ሕግ የተማሩ ሰዎች የት ደረሱ? ምን ማዕረግና ሽልማት አገኙ?» በሚል ርእስ እንድናገር ስለጋበዘኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ኮሚቴው በዚህ መጽሔት የክብር መዝገብ ሊያወጣ አስቧል። መልካም ሐሳብ ነው። የምሰጋው ግን መዝገቡ ዳኛ፣ ሚኒስትር፣ አምባሳደር እያለ ወንበር ብቻ ቆጥሮ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ጥቂት ሰዎችን ላንሣና ወንበሩ ላይ ሳሉ፣ አንዳንዶቹም ወንበሩን ሳያገኙ፣ ምን እንደ ሠሩ እንመልከት። ዓመታቱን ልጆቻችን እንዲከታተሉን በምንኖርበት አገር፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

የአካባቢያችን የሕግ ትምህርት ቤቶች በዕድሜ ከእኛ አባቶች ያንሳሉ። የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ በ1961 ሲከፈት የነበረው የሕግ ፋኩልቲ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቹም 14 ነበሩ። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲውን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። የናይሮቢው በ1970 ተከተለ። በእኛ አገር ሕጉ ከባለሙያው ቀድሞ ነው የመጣው። የ1957ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1960ውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውታል። ሕጎቹ ታትመው ሲወጡ በአገር ውስጥ የሠለጠነ፣ እነሱን አንብቦ የሚፈርድና የሚከራከር ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ስድስት ኪሎ የተከፈተው ፋኩልቲ ይህን ክፍተት እንዲሞላ ነበር።

ከዚያ ከወጡት ውስጥ ሁላችሁም የምታውቋቸው ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በ1986 ተመረቁ፤ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ፤ በ1995 ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። በኖቬምበር 2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ እስከ ጃንዋሪ 2023 በቦታው ቆይተዋል። በመዝገብ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው መሥመር ነው። እኔ ግን በመካከሉ ባሉት ዓመታት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

አሮጌው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅ ጠልፎ የወሰደ ሰው ከተጠለፈችው ጋር የጸና ጋብቻ ካደረገ ከክስ እንዲያመልጥ በር ይከፍትለት ነበር። በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ የጠለፋትን ሰው ገድላ ተከሰሰች። ማኅበሩ ያለ ክፍያ ቆመላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎም ነፃ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻው ይኸው ጉዳይ ነው፤ በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ብዙዎቻችን ስለ ጉዳዩ የሰማነው ፊልሙ ሲመጣ ነው፤ ጠበቆቹ ግን ሥራውን የሠሩት ካሜራ ባልነበረበት ጊዜ ነበር። ጉዳዩም በአንዲት ልጅ አላበቃም። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ በጎተጎተው መሠረት የ2000ው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ያን በጋብቻ ማምለጫ የሆነ በር ዘጋ። ይህ ሁሉ የተሠራው በምቾት እንዳይመስላችሁ። በ2001 ማኅበሩ በመንግሥት ለጊዜው ታግዶ ነበር። ወይዘሮ መዓዛ የአፍሪካ ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ከዚያ በኋላ በ2003 ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳም የዚያው ትምህርት ቤት ምሩቅ ናቸው። በ2002 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ በቁጥጥር ሥር የነበሩ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በዋስ እንዲወጡ አዘዙ፤ ተከሳሹ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ዳኛዋ ግን ሕጉ የሚለውን ብለው ነበር። ኋላ በፖለቲካ ሁለት ጊዜ ታስረው፣ በ2018 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ በ2023 ለቀቁ። በፖለቲካቸው የምትስማሙም የማትስማሙም በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የዋሱ ትእዛዝ ግን ከፖለቲካው በፊት የመጣ ነው።

ወደ ምንኖርበት አገር እንምጣ። ዶክተር ዊሊ ሙቱንጋ በ1971 ከዳሬሰላም ተመርቀው ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምሩ ነበር። በ1982 ያለ ፍርድ ታሰሩ። ያንኑ ሰው ኬንያ በ2011 ዋና ዳኛ አድርጋ ሾመቻቸው። ለሹመቱ ሲጠየቁ ጆሯቸው ላይ ያለችው ጉትቻ ሳትቀር መነጋገሪያ ሆነች፤ እሳቸውም አላወለቋትም! በ2013 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ያጸደቀው ውሳኔያቸው ብዙ ተተችቷል፤ ይህም ቢሆን ከታሪካቸው አይለይም። ተከታያቸው ዴቪድ ማራጋ በ1977 ከናይሮቢ የወጡ ናቸው። እሳቸው የመሩት ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017፣ አራት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ ሻረ። ያን ዕለት ናይሮቢ የነበራችሁ ከተማው ምን እንደሚመስል ታስታውሳላችሁ። ከማኬሬሬ ደግሞ ጁሊያ ሴቡቲንዴ በ2012 በሄግ የዓለም ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነዋል።

አሁን የራሳችን ሰዎች። በመካከላችን ከስድስት ኪሎም ከሌሎች የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ የተመረቁ አሉ። በኬንያ ሕግ የጥብቅና ፈቃድ በዋናነት ለአገሪቱ ዜጎችና ለጥቂት ጎረቤት አገሮች ዜጎች የተጠበቀ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነሱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አንዱ ምግብ ቤት ይመራል፣ ሌላው ኢስሊ ውስጥ ሱቅ አለው፣ አንዷ በአስተርጓሚነት ትሠራለች። ዲግሪው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማታ ማታ ግን ስልካቸው አያርፍም፤ «ይህን ወረቀት እስቲ እይልኝ» የሚላቸው ብዙ ነው። እናንተም ብላችኋቸዋል።

በሌላ በኩል የኪራይ ውል ሳያነብ ፈርሞ ቀብድ የተበላ፣ በደላላ ወረቀት ገዝቶ ፖሊስ ጣቢያ ያደረ፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን የይግባኙ ቀን ያለፈበት ወገን ስንት ነው? የ2021ዱ የኬንያ የስደተኞች ሕግ የይግባኝ መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብለት ያላገኘ ሰው መብቱ እንዳለው እንኳ አያውቅም።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። የክብር መዝገቡ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከማዕረጉ በፊት የሠሩትን ሥራ ይጻፍ፤ እነዚያ ማታ ማታ ስልክ የሚያነሡትም፣ ራሳቸው ከፈቀዱ፣ ይግቡበት። ሁለተኛው፦ የማኅበሩ ቢሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ሁለት የሕግ ምሩቃን አባሎቻችን በየሳምንቱ ተራ ገብተው ደብዳቤ ሊያነቡ፣ ውል ሊያስረዱ፣ የይግባኝ ቀን ሊቆጥሩ ፈቃደኛ ሆነዋል። ጥብቅና አይቆሙም፤ ፍርድ ቤት የሚያስሄድ ጉዳይ ሲመጣ ፈቃድ ላለው ኬንያዊ ጠበቃ ይመራሉ። እዚህ ተወልደው ዜግነት ያገኙና በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማሩ ልጆቻችንም አጠገባቸው ተቀምጠው አማርኛውንም ሙያውንም ይለማመዳሉ።

የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ አንድ የሚቆለፍ ሣጥንና የጠቅላላ ጉባኤው ፈቃድ ነው። ሣጥኑን እኔ እገዛለሁ። ጉባኤው ከሻይ በኋላ ሲቀጥል ሊቀመንበራችን ለድምፅ እንዲያቀርቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።