ጸሐፊዋ ሞተች፤ ጽሑፏ ግን ቀረ



በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ኒውቤሪ የተባለ ቤተ መጻሕፍት አለ። በዚያም በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የታተሙ ከ30,000 የሚበልጡ ጽሑፎች ተጠብቀው ይገኛሉ። አብዛኞቹ ገጻቸው ጥቂት የሆነ፣ ለዕለቱ ክርክር የታተሙ ትናንሽ ጽሑፎች ናቸው።

ትናንሽ ይሁኑ እንጂ ጉልበታቸው ታላቅ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. ሲዬስ የተባለ ቄስ «ሦስተኛው መደብ ምንድን ነው?» የሚል ጽሑፍ አሳትሞ፣ ካህንም መኳንንትም ያልሆነው ሕዝብ እርሱ ራሱ አገር መሆኑን አስረዳ። ኦላምፕ ደ ጉዥ የተባለች ሴት ደግሞ በ1791 ስለ ሴቶች መብት ጻፈች። በ1793 ሕዝቡ የመንግሥቱን ዓይነት በድምፅ ይምረጥ የሚል ጽሑፍ ስላሳተመች ተከሰሰችና በዚያው ዓመት አንገቷ ተቀላ። ጸሐፊዋ ሞተች፤ ጽሑፏ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ በቺካጎው ቤተ መጻሕፍት የንጉሡ ደጋፊና የንጉሡ ተቃዋሚ ጽሑፍ ጎን ለጎን መቀመጡ ነው። የአሸናፊው ቃል ብቻ ቢቀር ኖሮ፣ እኛ አጨብጫቢ እንጂ ፈራጅ ለመሆን ባልቻልን ነበር።

ስለዚህ ጓደኞቼ፤ የማንስማማበትን ወረቀት ለመቅደድ አንቸኩል። ከኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይፍረድ።